ዱቦና የቦሎቄ ዘር

በወላይታ በአረካ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘውን ዱቦን ብዙ ሰው የሚያውቃት በካቶሊክ ሚሲዮኗና በሆስፒታሏ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልንመለከት የወደድነው የአካባቢዋን ማሳ ነው። የወላይታ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ስለ ሆነ በበቆሎው መካከል ቦሎቄ ይዘራል። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ሆድን ቢሞላም ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን በውስጡ ጥቂት ነውና፣ ጉድለቱን የሚያሟላው ይህ ጥራጥሬ ነው። በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩትም ረቂቃን ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ።

በ1974 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ቀይ ወላይታ» የተባለው የቦሎቄ ዝርያ በምርምር ተመርጦ ለገበሬ እንዲዳረስ ተፈቀደ። አገሩም ስሙን ለዘሩ አወረሰ።

ይሁን እንጂ አንድ ዘር ተመርጦ በተስፋፋበት ስፍራ ያልተመረጡት ቀስ በቀስ ከጎተራ ሊጠፉ ይችላሉ። ነገ አዲስ በሽታ ቢነሣ ግን የሚቋቋመው ዘር ምናልባት ከእነዚያ ከተናቁት መካከል ይገኝ ይሆናል። ዘርን ሰብስቦ ማኖር ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የአዝርዕት ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በ1976 በጀርመን ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ርዳታ የዕፀዋት ዘር ሀብት ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1983 ደግሞ ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ማትስ ቱሊን፣ ከባቄላና ከአተር እስከ ግራርና ብርብራ ድረስ የሚዘልቀውን ይህን ታላቅ ወገን በኢትዮጵያ ምድር እንደሚገኝበት ሁኔታ ለብቻው የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ።

መዝገብና ማከማቻ ብቻቸውን ግን አይበቁም። የደረቀ ቅጠል አይዘራም፤ በብርድ ቤት የተቀመጠ ዘርም በየጊዜው ተዘርቶ ካልታደሰ የመብቀል ኀይሉን ያጣል። በ1984ቱ ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገደደ፤ ከእህሉም ጋር የአያቶች ምርጫ አብሮ ጠፋ። በዚያ ዘመን የማእከሉ መሪ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ የአገር ዘር በገበሬው እጅና በማሳው ላይ ጭምር እንዲጠበቅ ደከሙ፤ በ1989ም «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ የመዝገቡ ጸሐፊና የዱቦ ገበሬ የአንድ ሥራ ባልደረቦች ናቸው። ባለሥልጣን አዲስ ዘር ሲያከፋፍል የነባሩን ናሙና አስቀድሞ ያስቀምጥ፤ መምህርም ተማሪዎቹን ከየቤታቸው ጎተራ የዘሩን ዐይነትና ስም ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርግ። ስሙ የተረሳ ዘር ቢጠፋ እንኳ ማን ይፈልገዋል?