ዲኤክስ

በኢትዮጵያ ለአራተኛው ትውልድ ቶዮታ ኮሮላ የተሰጠ የዘወትር መጠሪያ ነው፤ ስሙ «ደሉክስ» ከሚለው የፋብሪካ ደረጃ የመጣ ነው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ቀረበ። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ባለ 1,290 ሲሲ 4ኬ ሞተር ነው። ነዳጁን በካርቡራተር የሚቀበልና ኮምፒውተር የሌለው በመሆኑ ጆሮውን ያሠለጠነ ባለቤት ግቢው ውስጥ ሊጠግነው ይችላል።

ከባዱ ሥራ ቦዲው ነው። አዳሹ መጀመሪያ የወለሉን ምንጣፍ አንሥቶ ላሜራውን በካቻቢቴ ጫፍ ይወጋል፤ ዝገት የበላው ቦታ እንደ እርጥብ ካርቶን ይበሳል። ከዚያ ማግኔት በበሩ ላይ ያንሸራትታል፤ የማይዝበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ አለበት ማለት ነው። ዝገቱ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በላዩ ስቱኮ መለሰን ማደስ ሳይሆን መሸፈን ነው። ኮፋኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፤ የጃፓኑ መኪና በአዲስ አበባ ጋራዥ የሚጠገነው በጣሊያን ቃላት መሆኑ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ያገለገለ መለዋወጫ የሚፈለገው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው።

ያረጀ መኪና በሌላ አገር ሌላ ቦታ አለው፤ ለምሳሌ በስዊዘርላንድ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውና የመጀመሪያ ይዘቱን የጠበቀ መኪና ለግል መንሸራሸሪያ ብቻ በቬተራንነት ይመዘገባል፤ የቴክኒክ ምርመራውም በየ6 ዓመቱ ነው። ዲኤክስ ግን ዛሬም የሥራ መኪና ነው።