ስለ ሕፃናት ፊደል መቍጠርና ስለ ወላጆቻቸው ድካም

በቀድሞው ዘመን አንድ አባት ልጁን ፊደል ለማስቈጠር ወደ ደብር ሲወስድ ባዶ እጁን አይሄድም ነበር። ባለጠጋው እንደ ክብሩ፣ ድኻውም እንደ ዐቅሙ ጥቂት እህል ይዞ፣ ልጁን በየኔታ ፊት አቁሞ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ልጅዎ ነው፤ ያስተምሩልኝ» ብሎ ያስረክባል። ይህን ቃል የሰማ ሰው ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ፈጽሞ ለመምህሩ የተሰጠ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ በሙሉ ከልጁ ጋራ ፊደል ይቈጥር ነበርና።

ትምህርቱ የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በዛፍ ጥላ፣ ወይም በደጀ ሰላሙ ጥግ ነው። ሕፃኑ የፊደሉን ገበታ በጕልበቱ ላይ አድርጎ በስንደዶ እየጠቈመ፣ ዜማ ባለው ድምፅ ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያለ ይጮኻል። የግእዙ ፊደል 26 ሲሆን እያንዳንዱ በ7 ድምፅ ስለሚነገር 182 ይሆናል፤ ዐማርኛ የጨመራቸው 7 ፊደላት ከነድምፃቸው ሲገቡበት 231 ይደርሳል። ልጁ ይህን በተራው ከዘለቀው በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ ታላቅ ብልሃት ያለበት ነው፤ ፊደሉ የለመደውን ተራ ለቆ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እየተባለ በሰያፍ ስለሚሄድ፣ ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘው ልጅና እያንዳንዱን ፊደል በዓይኑ ለይቶ የሚያውቀው ልጅ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት ይመጣል፤ እርሱም አስቀድሞ በቍጥር፣ ቀጥሎ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይነበባል። የዚህ ሁሉ መድረሻ ዳዊት ነው፤ 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሎ፣ ከጸሎተ ነቢያት፣ ከመኃልየ መኃልይና ከውዳሴ ማርያም ጋራ።

አሁን ሊመረመር የሚገባው፣ ፊደል የማያውቁ ወላጆች እንዲህ ያለውን ትምህርት እንዴት ሊያግዙ እንደ ቻሉ ነው። ከገበሬው ብዙው፣ ከሴቶቹም እጅግ የሚበዙቱ ማንበብ አያውቁም ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በድምፅ ስለ ነበረ ለሚረዳው ሰው ጆሮ ይበቃው ነበር። ልጁ ማታ በምድጃው ዳር ተቀምጦ የቀኑን ሲደግም እናቱ እንጀራዋን እየጋገረች ትሰማዋለች። የሀሁን ዜማ ከታላላቆቹ ልጆቿ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለችና፣ ልጁ የዘለለ እንደ ሆነ ዜማው ይሰበርባታል፤ «ቈይ እስኪ፣ እንደ ገና በለው» ትለዋለች። የተዘለለው ፊደል የትኛው እንደ ሆነ ልትናገር አትችልም፤ መዘለሉን ግን ታውቃለች። ውዳሴ ማርያም ላይ በደረሰ ጊዜማ፣ በቤተ ክርስቲያን ስትሰማው የኖረች ናትና፣ የሰኞውን ከማክሰኞው ለይታ ትከተለዋለች። መምህሩ ጆሯቸውን ለብዙ ልጆች በየተራ ያካፍላሉ፤ እርሷ ግን ለአንዱ ልጇ ሙሉውን ትሰጠው ነበር።

የአባትየው ድርሻ ሌላ ነበረ። ልጁ ወደ ደብር በሄደበት ሰዓት ጥጃውን የሚጠብቅ ሰው መፈለግ የእርሱ ጭንቀት ነው፤ ይህም ለድኻ ቤት ከመምህሩ ስጦታ ይልቅ የከበደ ነበር። ልጁ ዳዊት የደገመ ቀን ጠላ ይጠመቃል፣ ዘመድና ጎረቤት ይጠራል፣ ለመምህሩም እንደ ዐቅም ምስጋና ይቀርባል። ታናናሾቹ ልጆች ያንን ድግስ አይተው ወደ ገበታው ይጓጓሉ።

ይህን ስለ ተናገሩ የቀድሞውን ሁሉ ማመስገን ግን ከእውነት መራቅ ነው። አርጩሜው ብዙ ልጅ ከትምህርት አሽሽቷል። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ስለ ነበረ የቃሉን ፍች ሳያውቅ ዳዊቱን ይጨርስ ነበር። ሴቶች ልጆችም፣ ከጥቂት የመኳንንትና የካህናት ቤቶች በቀር፣ የወንድሞቻቸውን ድምፅ ከምድጃው ዳር እየሰሙ ቀሩ፤ ከላይ የተነገረችው እናትም ከእነርሱ አንዲቱ ነበረች።

በ1899 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወንዱም ሴቱም ልጅ ከ6 ዓመቱ በኋላ ይማር ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ልጁን ሳያስተምር የሞተ ሰው ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን አዘዙ። ሴት ልጅ በአዋጁ መጠራቷ ለዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነው። ለአገሩ ሁሉ የሚበቃ ተማሪ ቤትና መምህር ስላልነበረ ትእዛዙ በሙሉ አልተፈጸመም። ቢፈጸምም ኖሮ፣ ሀብት የመወረስ ፍርሀት ወላጁን ልጁን እንዲልክ ያስገድደዋል እንጂ ማታ ተቀምጦ እንዲሰማው አያስገድደውም።

አዲሱ ተማሪ ቤት እየሰፋ ሲሄድ ትምህርቱ ከድምፅ ወደ ደብተር ተሻገረ። ይህ ለዕውቀት መስፋት የሚያስፈልግ ነበር፤ ፊደል የማታውቀውን እናት ግን ከሥራዋ አወጣት። ደብተሩን ገልጣ ታያለች፤ ደብተሩ ግን አይናገርም። የቀረላት ልብስ ማጠብና ክፍያ መክፈል ሆነ። በየካቲት 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ደግሞ፣ ብዙዎቹ የቄስ ተማሪ ቤቶች መተዳደሪያቸውን አጥተው ደከሙ። በሐምሌ 1971 ዓመተ ምሕረት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በበኩሉ፣ ከምድጃው ዳር ቀርተው ለነበሩት ብዙ እናቶች ፊደሉን በእጃቸው አስያዛቸው፤ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ከልጆቻቸው ጋራ ገበታ የቈጠሩ ነበሩ።

በ2002 ዓመተ ምሕረት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ባወጡት ፖሊሲ፣ ከአራቱ ዐምዶች ፊተኛው የወላጆች ትምህርት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየአንደኛ ደረጃው ተማሪ ቤት «ኦ ክፍል» የሚባለው እየተከፈተ፣ ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ይዘጋጁበት ጀመር። ክፍሉ ከዐምዱ ይልቅ ፈጥኖ ተሠራ፤ ክፍል መክፈት ቤት ለቤት ወላጅን ከማስተማር ይቀላልና።

በዚህ ደብር ቅጥር ዛሬም ከመዋዕለ ሕፃናት የተመለሱ ልጆች ከሰዓት በኋላ ገበታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እናቶቻቸው ከዛፉ ሥር ቆመው ይጠብቋቸዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ ማንበብ ያውቃሉ። ማታ «እስኪ ድገመው» ያለችው የትኛዪቱ እንደ ሆነች፣ የኔታ በማግስቱ ከልጁ ድምፅ ይለያሉ።