የላዲ ክዋሊ የውሃ እንስራ
ላዲ ክዋሊ (1925 ገደማ–1984 እ.ኤ.አ.)፣ ናይጄሪያ
በእጅ የተሠራ፣ የሚያብረቀርቅ ልባስ ያለው ሸክላ

በማዕከላዊ ናይጄሪያ፣ በክዋሊ፣ በጓሪ ሕዝብ ዘንድ ሸክላ የሴቶች ሙያ ነው። ላዲ የተማሩት ከአክስታቸው ነው። መንኮራኩር የለም፤ ዕቃው በቦታው ይቀመጣል፣ የምትዞረው ሠሪዋ ናት። ዙሪያውን እየተራመደች የተድቦለቦለ ጭቃ ትደራርባለች፣ ታሳሳለች፣ ታለሰልሳለች። በሆዱ ላይ ያሉትን እንሽላሊቶችና ጊንጦች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ጭቃው ሳይደርቅ የተጫሩ ናቸው፤ መስመሩ አንድም ቦታ አያመነታም።

እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው የላዲን እንስራዎች ያየው በአቡጃ (በዛሬዋ ሱሌጃ) ኤሚር ቤት ነበር። ላዲ እሱ ወደመሠረተው የሸክላ ማሠልጠኛ ማዕከል በ1954 እ.ኤ.አ. ገቡ፤ ከሠልጣኞቹ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ላዲን የካርዲው ተማሪ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ግን ትልቅ በደል ነው፤ ሲገቡ የተዋጣላቸው ባለሙያ ነበሩ።

በክዋሊ እንስራ የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በደረቅ ሣርና እንጨት ነው። እንዲህ ያለው ሸክላ ውሃ በጥቂቱ ያሳልፋል፤ ላቡ ሲተን ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ይህኛው ግን በማዕከሉ እቶን ከ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ስለተተኮሰ አያልብም፣ ውሃም አያቀዘቅዝም። ቅርጹ የእናቶች እንስራ ሆኖ ሳለ፣ የተሠራው ለዓይን ነው።

የላዲ ምስል በናይጄሪያ የ20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ ይገኛል፤ በሥራ ላይ እንዳሉ፣ ከእንስራቸው ጋር።