11,000 ዶላር ይዞ ሊወጣ የነበረው ሰው

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባንክ መዝረፍን የፌዴራል ወንጀል ያደረገው በአንዱ ግዛት ዘርፈው በመኪና ወደ ሌላው የሚሻገሩ የታጠቁ ወንበዴዎች ስላስመረሩት ነበር። ስለዚህ የሕጉ ዒላማ ውንብድና ማለትም በኃይል ወይም በማስፈራራት የተወሰደ ገንዘብ ነበር፤ ቅጣቱም እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

ክፍተቱ ቶሎ ታየ። በ1937 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማሻሻያ ሲጠይቁ የአንድ ሰው ጉዳይ ጠቀሱ። ሰውየው ሠራተኛው ዞር ባለበት ቅጽበት 11,000 ዶላር አንስቶ ሊወጣ ሲል ተይዟል፤ ማንንም አልነካም፣ ማንንም አላስፈራራም። ወንበዴ ሊባል ስላልቻለ ኮንግረስ ያንኑ ዓመት ስርቆትን በሕጉ ጨመረ፤ ለከባዱ ስርቆት የወሰነው ጣሪያም 10 ዓመት ነበር።

የሁለቱ አንቀጾች ዝምድና በ1997 በኒው ጀርሲ ተፈተነ። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ከባንክ ስትወጣ ያገኛትን ደንበኛ ገፍቶ ወደ ውስጥ መለሳት፣ ባንኮኒውን ዘሎ 16,000 ዶላር ገደማ አፍሶ ሸሸ። ድርጊቱን አልካደም። «ኃይልም ማስፈራራትም አልተጠቀምኩም፤ ጁሪው ስርቆትንም እንደ አማራጭ ይመልከትልኝ» ብሎ ተከራከረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ጥያቄውን 5 ለ 4 ውድቅ አደረገ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። የስርቆቱ አንቀጽ የመስረቅ ሐሳብን፣ ንብረቱን ይዞ መሄድን እና ከ1,000 ዶላር በላይ ዋጋን ይጠይቃል፤ የውንብድናው ግን አይጠይቅም፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ውስጥ አይካተትም አሉ። በዚህ ንባብ ታስሮ ሕክምና ለማግኘት ሲል ብቻ መሣሪያ ደግኖ ገንዘብ የወሰደ ሰውም ወንበዴ ነው።

ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ በልዩነት ሐሳባቸው ወደ ታሪኩ ተመለሱ። በነባሩ የእንግሊዝ ሕግ ውንብድና ማለት ኃይል የታከለበት ስርቆት ነው፤ በ1948 ሕጉ እንደገና ሲጻፍ ከውንብድናው አንቀጽ የወንጀል ሐሳብን የሚያመለክት አንድ ቃል ቢወጣም አርቃቂዎቹ ያስመዘገቡት የአጻጻፍ ለውጥ ብቻ ነው አሉ። ሰነዱን ላገላበጠ ሰው የእሳቸው ክርክር ይበልጥ ያሳምናል፤ ቶማስ ግን ጽሑፉ ግልጽ ከሆነ የረቂቁን ታሪክ መመርመር አያስፈልግም ብለው ነበር።

ለኒው ጀርሲው ጁሪ የቀረበለት ምርጫ በውንብድና ጥፋተኛ ማለት ወይም በነጻ ማሰናበት ነበር። ጥፋተኛ ነው አለ፤ ፍርዱም ጸና።