የሬዲዮ ሞገድ መለያ እና የብራና መዛግብት ጥበቃ በላስታ

ከላሊበላ ከተማ በስተ ምሥራቅ በአቡነ ዮሴፍ ተራራማ አካባቢ የምትገኘው ገነተ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ ትውፊት አሠራሯን ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። በላስታ አድባራት የሚጠበቁት የብራና መጻሕፍት ለቅዳሴና ለጸሎት ብቻ የሚያገለግሉ አይደሉም። የመሬት ስጦታና የገዳማት መብት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገብ ስለነበር የአስተዳደር መዛግብትም ናቸው። የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ ሰነዶች የሚገኙት በቤተ መድኃኔ ዓለም የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ የሌለው መዝገብ አብሮ ይጠፋል።

የቀድሞዎቹ ጸሐፍት በመጽሐፉ ላይ የባለቤቱን ስም ያሰፍሩ፣ የሚሰርቀውንና ጽሑፉን የሚፍቀውንም በግዝት ያስሩ ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊነትም በቄሰ ገበዙ ላይ ያርፋል። ይህ ሥርዓት ለዘመናት ቢያገለግልም፣ የቅርስ ገበያ ወደ ውጭ አገር በተስፋፋበት ጊዜ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ታይቷል። በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በአንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ ወደ ላሊበላ ሊመለስ ችሏል።

በልዩ ልዩ አገሮች ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ሥራ ላይ የዋለው አንዱ ዘዴ አርኤፍአይዲ በመባል የሚታወቀው የሬዲዮ ሞገድ መለያ ነው። መለያው አነስተኛ ቺፕና ስስ አንቴና ያለው ሲሆን በአብዛኛው ባትሪ የለውም። አንባቢ መሣሪያው የሚለቀው ሞገድ ለቺፑ ኃይል ይሰጠዋል፤ ቺፑም ልዩ ቁጥሩን መልሶ ያስተላልፋል። ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት የ13.56 ሜጋኸርዝ መለያ የሚነበበው ከአንድ ሜትር ባነሰ ወይም በዚያ ገደማ ርቀት ነው። ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ግን ከበርካታ ሜትሮች ርቀት ሊነበብ ይችላል፤ ሆኖም እርጥበትና ብረት ይበልጥ ያውኩታል። በእጅ የሚያዝ አንባቢ ያለው ሠራተኛ መዛግብቱን አንድ በአንድ ሳያወጣ ቆጠራ ማካሄድ፣ ያለ ቦታው የተቀመጠውንም መለየት ይችላል።

መለያው በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አንባቢ ከሌለበት ስፍራ ከደረሰ ምንም አይናገርም፤ ሌባው ሊነቅለው ወይም በብረት ሸፍኖ ሊያሳልፈው ይችላል። በብራና ላይ ማጣበቅም ቆዳውን ስለሚጎዳ አይመከርም። አማራጩ አሲድ በሌለው ወረቀት ከልሎ በገጾች መካከል ማኖር ወይም በማኅደሩ ውስጥ መስፋት ነው። ሁለተኛው ለመጽሐፉ የተሻለ፣ ለጥበቃው ግን የደከመ ነው፤ መጽሐፉ ከማኅደሩ ከወጣ መለያው ባዶ ማኅደር ይጠብቃልና። በመውጫ በር የሚተከለው ማንቂያም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ላሊበላ በጦርነቱ ምክንያት በ2014 ዓ.ም. ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቷ ሲታሰብ፣ በላስታ አለታማ ቀበሌዎች ጥበቃውን በማንቂያ ላይ ብቻ መጣል አይቻልም።

የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት መለያውን በስብስቡ ላይ ያዋለው በሚገባ የተደራጀ ካታሎግ ስላለው ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የላስታን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። የተሰረቀ መጽሐፍ በውጭ ገበያ ሲገኝ ባለቤትነቱን ለማረጋገጥ የሚረዳው ይኸው ምስል ከገጽ ብዛት፣ ከልክና ከልዩ ምልክቶች መግለጫ ጋር ነው። ቺፑ የሚይዘው ቁጥር ብቻ በመሆኑ መዝገብ ከሌለ ትርጉም የለውም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ምዝገባን ደንግጓል፤ ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትንና ቤተ መጻሕፍትን ሥራ ይመለከታል። የይዞታና የፍርድ ቤት ፋይሎችን የያዙ መሥሪያ ቤቶች መለያውን ለመግዛት ሲያቅዱ የአንባቢውን፣ የሶፍትዌሩንና የጥገናውን ወጪ አስቀድመው ሊያሰሉ ይገባል። የፋይል ዝርዝራቸው ያልተሟላ ከሆነ ግን ሥራው የሚጀመረው ከቆጠራ ነው።