የአኳሪየም የውስጥ ማጣሪያ

የአኳሪየም የውስጥ ማጣሪያ በመስታወት የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ ተቀምጦ ውኃውን የሚያጸዳ መሣሪያ ነው። ለትልልቅ ገንዳዎች በቤት ውስጥ ሊሠሩ ከሚችሉት ዓይነቶች አንዱ የገንዳውን አንድ ጫፍ ከታች እስከ ላይ የሚከልል የስፖንጅ ግድግዳ ሲሆን፣ በጀርመኗ ከተማ ስም የሐምቡርግ ማጣሪያ ይባላል። ውኃው በሰፊው ስፖንጅ ውስጥ በዝግታ ስለሚያልፍ ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው።

የማጣራት ሂደት

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይፈጥራሉ። ይህ ንጥረ ነገር በትንሽ መጠንም ቢሆን ዓሣን ይመርዛል። በስፖንጁ ቀዳዳዎች ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ጉዳቱን በሁለት ደረጃ ይቀንሳሉ። እንደ ኒትሮሶሞናስ ያሉት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ እንደ ኒትሮስፓይራ ያሉት ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይት የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ አደገኛ ነው። ናይትሬት ግን ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ የገንዳውን ውኃ በከፊል በመቀየር ይወገዳል።

ስለዚህ ማጣሪያው ቆሻሻ ማጥለያ ብቻ ሳይሆን የባክቴሪያ መኖሪያም ነው። በአዲስ ማጣሪያ ላይ ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ዓሣ በአንድ ላይ ከተጨመረ በአሞኒያ ይሞታል።

በደጋ አካባቢ

አዲስ አበባን የሚከቡት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘውም በሰበታ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ከ7 ሚሊግራም ያነሰ ይይዛል። ዓሣውም ባክቴሪያውም የሚጠቀሙት ይህንኑ ኦክስጅን በመሆኑ፣ በእነዚህ ከተሞች የውኃውን ገጽ ማንቀሳቀስ የግድ ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜም የባክቴሪያዎቹን ርቢ ስለሚያዘገይ አዲስ ማጣሪያ ከተለመደው የበለጠ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል።

አሠራር

ስፖንጁ ውኃ በቀላሉ የሚያሳልፍና 5 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው መሆን አለበት። የፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ እሳት ወይም ሻጋታ መከላከያ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል አይመከርም። በገንዳው ግድግዳዎች ላይ ቀጫጭን የመስታወት ዘንጎች ሻጋታ መከላከያ በሌለው ሲልከን ይለጠፉና ስፖንጁ በመካከላቸው ይገባል። የሲልከኑ የኮምጣጤ ሽታ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ውኃ አይሞላም። ሞተሩ ከስፖንጁ ጀርባ ይቀመጣል። የሚገፋው ውኃ ስፖንጁን በሚበሳ ቧንቧ አልፎ ወደ ዋናው ክፍል ይመለሳል።

ውኃው በስፖንጁ ውስጥ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ቢጓዝ ተስማሚ ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ የውኃው ጥልቀት 45 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 337 ሊትር ያህል ይይዛል። የስፖንጁ ስፋት 2,250 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሚሆን፣ በሰዓት 700 ሊትር የሚገፋ ሞተር በደቂቃ 5 ሴንቲሜትር ያህል ፍጥነት ይሰጣል።

ድምፅን መቀነስ

አብዛኛው ድምፅ የሚመጣው ከሞተሩ ንዝረት ነው። ሞተሩ መስታወቱን ከነካ ንዝረቱ ወደ ጠረጴዛው ስለሚተላለፍ፣ በስፖንጅ ቁራጭ ላይ ይቀመጣል። የቧንቧው አፍ ከውኃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ቢያዘነብል የፏፏቴ ድምፅ ሳይኖር ገጹ ይንቀሳቀሳል። በሞተሩ ፋንታ የአየር ፓምፕ መጠቀምም ይቻላል፤ በቧንቧ ውስጥ የሚወጡት አረፋዎች ውኃውን ይዘው ይነሳሉ። መብራት ሲጠፋ ውኃ በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የአየር ፓምፑ ከውኃው ከፍታ በላይ ይደረጋል።

ጥገናና ጥንቃቄ

ስፖንጁ ሲደፈን ከጀርባው ያለው ውኃ ከዋናው ክፍል ዝቅ ይላል፤ ይህም የመታጠቢያው ጊዜ መድረሱን ያመለክታል። እጥበቱ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይከናወናል፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። እጅ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ውኃ ሶኬቱ ጋ እንዳይደርስም ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረጋል።

መብራት ሲጠፋ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ማጣሪያ ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። የስፖንጅ ግድግዳ ግን ለገንዳው ውኃ ክፍት ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ የተሻለ ጊዜ ይቆያሉ። እስኪመለስ ድረስ ለዓሣው ምግብ አይሰጥም። መጥፋቱ ከረዘመ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መጠቀም፣ ካልተገኘም ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ኦክስጅን ይጨምራል።