ኮድ ለመጀመር ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይበቃል?

"እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ኮዲንግ አይሆንልኝም" የምትሉ ይቺን አንብቡ።

ፓይተን ለራሱ የያዛቸው ቁልፍ ቃላት 35 ብቻ ናቸው። ኢፍ፣ ኤልስ፣ ኖት፣ ኦር... አብዛኞቹን ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቹ ተቆርጠው የተጻፉ ናቸው፤ "ዴፍ" ከዲፋይን፣ "ኤሊፍ" ከኤልስ ኢፍ። (ፓይተንን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም ራሱ ሆላንዳዊ ነው።)

የሚያስቸግረው የምታውቁት ቃል ትርጉሙን ሲቀይር ነው። ስትሪንግ መዝገበ ቃላት ላይ ክር ወይም ሲባጎ ነው፤ ኮድ ላይ ግን የተደረደሩ ፊደላት፣ ማለትም ጽሑፍ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ 25 ስትሪንግ እንጂ ቁጥር አይደለም፤ 5 ልደምርበት ብትሉ ፓይተን እምቢ ይላል። አርጊውመንትም ጭቅጭቅ አይደለም፣ ለፈንክሽን የምንሰጠው ዋጋ ነው። ቡሊያንን ደግሞ ለመተርጎም አትድከሙ፤ ጆርጅ ቡል ከሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ስም የመጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የስህተት መልእክት ማንበብ ልመዱ። ብዙ ጀማሪ ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ ደንግጦ ይዘጋዋል፣ እኔም ስዘጋ ከርሜያለሁ። መጀመሪያ የመጨረሻውን መስመር እዩ። "ኔም ኤረር" ካለ፣ የጻፋችሁትን ስም አላውቀውም እያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ተሳስታችሁ ነው። "ኢንደንቴሽን ኤረር" ደግሞ መስመሩ መጀመሪያ ላይ የተተወው ክፍት ቦታ ልክ አይደለም ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ፓይተን 3 ላይ የቫሪያብል ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል። ዕድሜ = 25 ብላችሁ ሞክሩት፣ ይሠራል።